ደቦ ወይስ ሁዳድ?

ለሥራ ዋጋ መጠየቅ ሥራውን ማርከስ ነውን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐኪሙንም፣ ካህኑንም፣ ደራሲውንም ሲከተል የኖረ ነው። መምህሩን ግን ከሁሉም አጥብቆ ይይዘዋል። ነጋዴ ትርፍ ሲጠይቅ የሚገረም የለም። አናጢ የእጁን ዋጋ ሲጠይቅ «ለእንጨቱ ፍቅር የለህም» የሚለው የለም። መምህር «የሠራሁበት ይከፈለኝ» ያለ እንደሆነ ግን ከሰሚዎቹ አንዱ ፊቱን ቅጭም ማድረጉ አይቀርም። ለመሆኑ ከዚያ ከተቋጠረ ፊት ጀርባ ያለው ሐሳብ ምንድን ነው? እውነት አለውን? ካለውስ እስከ ምን ድረስ?

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ የተጨበጠ ጉዳይ ልያዝ። ጉዳዩ የአሜሪካ ኮሌጆች ጉዳይ ነው። እነርሱ በጋ በሚሏቸው፣ ለእኛ ግን ክረምት በሆኑት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት መምህራን የሚሠሩት የአስተዳደር ሥራ ሊከፈልበት ይገባል ወይስ አይገባም?

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ እጅግ ብዙ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚቀጠሩት ለዓመት ሳይሆን ለዘጠኝ ወር ነው። ውላቸው ከነሐሴ ግድም ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። የቀሩት ሦስት ወራት በውሉ ውስጥ የሉም። አንዳንዱ ኮሌጅ የዘጠኙን ወር ደመወዝ ለአሥራ ሁለት ከፍሎ ስለሚሰጥ መምህሩ በሐምሌም ገንዘብ ሲቀበል ይታያል። ዳሩ ግን የሐምሌው ገንዘብ የሐምሌ ደመወዝ አይደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሠርቶበት ተቆጥቦ የቆየለት ነው። በሐምሌ የሚሠራው ሥራ ካለ፣ በውሉ ዓይን ሲታይ፣ ያልተሠራ ያህል ነው።

ሥራው ግን የውሉን ቀን አይቶ አይቆምም። አዲስ ተማሪዎች በሐምሌ መጥተው ይመዘገባሉ፤ የሚመክራቸው ሰው ይፈልጋሉ። የመስከረም የትምህርት መርሐ ግብር በክረምት ይሰናዳል። በሰዓት የሚቀጠር መምህር ድንገት «ሌላ ቦታ አገኘሁ» ሲል ምትክ የሚፈልገው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የተማሪ አቤቱታ፣ የአዲስ መምህር ቅጥር፣ ለዕውቅና ሰጪ አካላት የሚላክ ዘገባ፣ የበጀት ጥያቄ፤ ይህ ሁሉ ዝናብ አያውቅም፣ ፀሐይ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ዓመትማ ብዙዎቹ መምህራን ያን ክረምት ያሳለፉት ለመጪው መንፈቅ ትምህርታቸውን ወደ ኢንተርኔት ሲያዘዋውሩ ነበር።

ለዚህ ሥራ አከፋፈሉ ወጥ አይደለም። አንዳንዱ ኮሌጅ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የተወሰነ የክረምት አበል ይቆርጣል፤ ሌላው ከዘጠኙ ወር ደመወዝ ላይ አስልቶ የአንድ ወይም የሁለት ወር ይጨምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የምትሠሩት ለገዛ ትምህርት ክፍላችሁ ነው» ብሎ በምስጋና ያልፈዋል። ዲኖቹና ከዲን በላይ ያሉት ግን በአብዛኛው የአሥራ ሁለት ወር ተቀጣሪዎች ናቸው። ስለዚህ በሐምሌ በሚደረግ አንድ ስብሰባ ላይ ጠሪው ደመወዝ እየበላ፣ ተጠሪው በነጻ ተቀምጦ ሊገናኙ ይችላሉ። ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ቡናውም አንድ ነው።

ሕጉም የራሱ ምፀት አለው። በአሜሪካ ሕግ የትምህርት ቤት ሠራተኛ በሁለት የትምህርት ዘመን መካከል ሥራ ፈትቻለሁ ብሎ የሥራ አጥ ድጎማ ሊጠይቅ ቢሄድ፣ በመጪው ዓመት ወደ ሥራው እንደሚመለስ በቂ ማረጋገጫ ካለው፣ በመምህርነቱ ድጎማውን አያገኝም። ድጎማ ሲጠይቅ «ሥራ አለህ» ይባላል፤ ደመወዝ ሲጠይቅ «ውልህ አልጀመረም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ሕግም ቢሆን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ድንጋጌው መምህራንን አይጨምርም። ሰውየው በሁለት በሮች መካከል ባለች መተላለፊያ ላይ ቆሞ ወረቀት ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «አይከፈል» የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ክርክር አላቸው። አንደኛው መምህርነት ጥሪ ነው የሚለው ነው። ጥሪ በሰዓት አይለካም፤ ሰዓት የሚቆጥር መምህር ነፍሱን ከሥራው አውጥቷል ይላሉ። ለዚህም ሶቅራጥስን በምስክርነት ይጠራሉ። እርግጥ ነው ሶቅራጥስ ሶፊስቶች ከተባሉት ገንዘብ ተቀባይ አስተማሪዎች ራሱን የለየው ለትምህርቱ ዋጋ ባለመቀበሉ ነው፤ ድህነቱንም ለዚሁ ማስረጃ አድርጎ አቅርቧል። ነገር ግን ይኸው ሰው በአቴና ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሞ «የሚገባህ ቅጣት ምንድን ነው?» ሲባል የሰጠውን መልስ መርሳት የለብንም። ከተማይቱ ለባለውለታዎቿ በምታበላበት ማዕድ ላይ በሕዝብ ወጪ ልመገብ አለ። ለትምህርቱ ዋጋ ያልተመነው ሰው፣ አገልግሎቱ ዋጋ እንደሌለው ግን አልተናገረም።

ከዚህም በላይ የሚጠቅመን ቦታ አለ። ፕላቶ «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ በመጀመሪያው ክፍል ሶቅራጥስ ስለ ገዥዎች ደመወዝ እንዲናገር ያደርገዋል። ማንም ሰው የሌላውን ጣጣ ለማቃናት በገዛ ፈቃዱ አይሾምም፤ ስለዚህ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል፤ ዋጋውም ወይ ገንዘብ ነው፣ ወይ ክብር ነው፣ አለዚያም እምቢ ቢል የሚደርስበት ቅጣት ነው ይላል። ለደግ ሰው ትልቁ ቅጣት ደግሞ ከእርሱ በሚያንስ ሰው መገዛት ነው። አንባቢ ልብ ይበል። ሶቅራጥስ እዚህ ላይ የለየው ሁለት ነገር ነው። ማስተማር አንድ ነው፤ የሌላውን ሰው ጉዳይ ማስተዳደር ሌላ ነው። የጥሪው ክርክር ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ሲሆን እኛ የምንነጋገረው ግን ስለ ሁለተኛው ነው። ተማሪ ፊት ቆሞ ግጥም መተንተን ጥሪ ሊሆን ይችላል። የሠላሳ ክፍሎችን ሰዓት በሠንጠረዥ ላይ ማደላደል ግን ጥሪዬ ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንዲያውም የመምህሩ ጥሪ በክረምት የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ማንበብ፣ መመራመር፣ መጻፍ። ለዚህኛው ከኮሌጁ ውጭም ቢሆን ከፋይ አይጠፋም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሚሰጠው የምርምር ገንዘብ መምህሩ በዓመት በተለምዶ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ ደመወዝ ሊያስብ ይችላል፤ መምህራኑም ይህን ብዙውን ጊዜ ለክረምቱ ያውሉታል። ስለዚህ በክረምት የሚወደውን የሚሠራው መምህር ሊከፈለው ሲችል፣ የማይወደውን ስለ ሌሎች ብሎ የሚሠራው በምስጋና ይሸኛል ማለት ነው። ነገሩ ተገልብጧል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሼ ብዬ የምጠራው፣ እዚያው በአንድ ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆነ የአገሬ ሰው፣ እናቱን ሊጠይቅ በሐምሌ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በዚያ ወር በእኛና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። የእነርሱ ከሰዓት በኋላ የእኛ እኩለ ሌሊት ነው ማለት ነው። አንድ ምሽት ቤታቸው አምሽቼ እርሱ ላፕቶፑን ከፍቶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይነጋገራል፤ እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጨዋታው ሲያልቅ፣

«ልጄ፣ ዕረፍት ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?» አሉት።

«አዎ፣ እማዬ፤ ዕረፍት ላይ ነኝ።»

«እንግዲያ ሌሊቱን ሙሉ የምታናግረው ማንን ነው?»

እርሱ ሳቀ። እኔ ግን አልለቀቅኩትም። «ጋሼ፣ ለዚህ ይከፈልሃል?» አልኩት።

«አይ፤ ይኼ እኮ ሥራ አይደለም፤ ኃላፊነት ነው።»

«እምቢ ብትልስ?»

ጥቂት አሰበና፣ «እምቢማ አልልም። ሰዎቹ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

ይቺ «ምን ይሉኛል» በአማርኛችን ስም አላት፤ ይሉኝታ ትባላለች። ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለችም። ብዙ ጎረቤት ተደጋግፎ የሚኖረው፣ ብዙ ለቅሶ ሰው የሚገኝበት በእርሷ ነው። ይሁን እንጂ ይሉኝታ ባለበት ቦታ ስጦታንና ግብርን መለየት ከባድ ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፈገግታ ይቀርባሉና።

እኛ ደግሞ ይህን ልዩነት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ገበሬያችን በነጻ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ደቦ ነው። ጎረቤት ሰብሉ ሲደርስበት፣ እጅ ሲያጥረው ይጠራል፤ መንደሩ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ገንዘብ የሚከፍል የለም። ነገር ግን ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል፤ ዛሬ ያጨደለት ሰው ነገ ሲጠራው ይሄዳል። የታመመ፣ ሐዘን የደረሰበት ቢቀር የሚወቅሰው የለም። ማጨዱም ፀሐይ ሲጠልቅ ያበቃል። ሌላው ሁዳድ ነው። ገባሩ የገዥውን ማሳ በግዴታ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። የሚመለስለት ጉልበት የለም፤ ገዥው በተራው መጥቶ የገባሩን ማሳ አያርስም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት ከነጉልበት ግዴታው ሲያፈርስ «እነዚህ ሰዎች ሥራ ጠሉ» ያለ አልነበረም።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደቦና ሁዳድ አንድ ናቸው። ሁለቱም ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ እየዘፈኑም ጭምር፣ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሦስት ነገር ሲጠየቅ ነው። ውለታው ይመለሳል ወይ? «ዛሬ አልችልም» ማለት ይቻላል ወይ? ሥራው ማብቂያ አለው ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ኮሌጁ እንውሰዳቸው። ከሁለት መምህራን አንዱ በዚህ ክረምት፣ ሌላው በሚመጣው ክረምት ተማሪ ሊያማክሩ ተስማምተው ከተካፈሉ ይህ ደቦ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ኮሌጁ ከተማሪው ክፍያ እየተቀበለ፣ ዘገባውን በደመወዝተኛ አለቃ እያስጠየቀ፣ የሚሠራውን ሰው ግን በይሉኝታ ብቻ ካሠራው፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ማሳው የሁዳድ ማሳ ነው።

እምቢ ማለትን በተመለከተ ሁሉም መምህር እኩል እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። «ቴንዩር» የሚሉትን የሥራ ዋስትና ያገኘው ሽማግሌ ፕሮፌሰር በሰኔ ሻንጣውን አንሥቶ ቢሄድ የሚነካው የለም። ዋስትናውን ገና የሚጠብቀው ወጣት ግን በሚቀጥለው ዓመት ስለ እርሱ ድምፅ የሚሰጡት እነዚያው ባልደረቦቹ ናቸው። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ክፍያ የሌለው ስብሰባ ላይ ለመቀመጥ ለልጆቿ ጠባቂ ከኪሷ ትከፍላለች፤ በሌላ አነጋገር ለመሥራት ትከፍላለች ማለት ነው። በክረምት ሌላ ቦታ አስተምሮ ቤት ኪራዩን የሚሞላው ሰው ወይ ገቢውን ይተዋል ወይ ስሙን ያጣል። ስለዚህ «ሁሉም በነጻ ያገልግል» የሚለው ሕግ እኩል የሚመስለው በወረቀት ላይ ነው።

የጥንት አቴናውያን ይህን ተረድተውት ነበር። በፔሪክሊስ ዘመን በፍርድ ሸንጎ ለሚቀመጡ ዜጎች የቀን አበል ተቆረጠ፤ ኋላም በሕዝብ ጉባኤ ለሚገኙት ተጨመረ። ነቃፊዎች ሕዝቡን ስስታም አደረገው ብለው አምተዋል። ውጤቱ ግን የቀን ሥራውን ጥሎ መምጣት የማይችለው ድኻ ከባለጠጋው ጎን ተቀምጦ መፍረድ መቻሉ ነው። ደመወዝ ሁልጊዜ የስስት ምልክት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የድኻው መግቢያ በር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር ልለፍ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። ኮሌጅ ፋብሪካ አይደለም ይላሉ፤ መምህራኑ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ቤት ነው። ማን ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚቀጠር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የገዛ ቤቱን ለመጥረግ ደመወዝ የሚጠይቅ ማን ነው? ደመወዙን የተቀበላችሁ ቀን ቤቱ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ከፋዩም «ይህን ሥራ በርካሽ የሚሠራ ጸሐፊ አገኘሁ» ብሎ ሥልጣናችሁን ከነሥራው ይወስደዋል።

ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ሆኖም የቤት ባለቤትነት ክርክር በመምህራኑ ላይ እንዴት እንደዞረ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በኒውዮርክ የሚገኘው የየሺቫ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በማኅበር ተደራጅተው ለመደራደር ፈለጉ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1980 ዳኞቹ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ወሰኑ። መምህራኑ በትምህርቱ ይዘት፣ በተማሪ አቀባበልና በመሳሰለው ላይ ሥልጣን ስላላቸው የሥራ አመራር አባላት ናቸው፤ ስለዚህም የሠራተኛ ሕጉ ለማኅበር የሚሰጠው ከለላ አይመለከታቸውም ተባለ። አራቱ ዳኞች ግን አልተስማሙም። ውሳኔው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን አይመለከትም፤ በግሎቹ ላይ ግን ጥላው ረጅም ነው። እንግዲህ ፍረዱ። መምህሩ ለመደራደር ሲመጣ «አንተ አስተዳዳሪ ነህ» ይባላል፤ በሐምሌ ለአስተዳደር ሥራው ሲጠይቅ «አንተ የዘጠኝ ወር መምህር ነህ» ይባላል። ቤቱ የእርሱ የሚሆነው መጥረጊያው ሲነሣ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤትነቱን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ያልተከፈለበት ሥራ ዋጋ የሌለው አይደለም፤ ዋጋው ያልተቆጠረ ነው እንጂ። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ሲባክን አይታይም። አንድ አለቃ አንድ ዘገባ ለማዘዝ ምንም ካላወጣ አሥር ዘገባ ያዛል፤ የአሥሩ ዘገባ አሥራ አምስት ሰዓት ከማን ዕድሜ እንደተቆረጠ አይጠይቅም። የሰዓቱ ዋጋ በበጀት ላይ ቢጻፍ ግን «ለመሆኑ ይህ ወረቀት ማንን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከተማሪው ክፍያም ሊመጣ ይችላል፤ ተማሪውም በብድር የሚማር ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ሥራው መቆጠር ያለበት። የማያስፈልገው እንዲቀር፣ የሚያስፈልገውም በእውነተኛ ዋጋው እንዲታወቅ።

ይህን ስል የእኛን ቤት ረስቼ አይደለም። በአገራችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ደመወዙ አሥራ ሁለቱንም ወር ይከፈለዋል፤ ስለዚህ የሐምሌ ጥያቄ በእኛ ዘንድ በዚያ መልክ አይነሣም። በእኛ ዘንድ የሚታየው ሕመም አንዳንድ ጊዜ ተቃራኒው ነው። አበል የሌለው ስብሰባ ሰው የማይገኝበት፣ «ሻይ ቡናው ስንት ነው?» ሳይባል ኮሚቴ የማይቋቋምበት ቦታ እንዳለ በየመሥሪያ ቤቱ የዞረ ሁሉ ያውቃል። እያንዳንዷ እርምጃ ዋጋ ሲወጣላት ደቦ ይሞታል። ደቦ የሞተበት መንደር ደግሞ ባለጠጋ ቢሆንም መንደር አይደለም። በብዕሩ እንደሚያድር ሰው እኔም ሁለቱንም ወገን አይቻለሁ። «ስምህ ይታወቅልሃል» ተብዬ በነጻ የጻፍኩበት ጊዜ አለ፤ ለወዳጅ መታሰቢያ ጽፌ ዋጋ ቢነሣብኝ የምቀየምበት ጊዜም አለ። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ወረቀትና ቀለም ይፈጃሉ። አንደኛውን ግን የጠየቀኝ ከእኔ ጽሑፍ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን የጠየቀኝ ራሴ ነኝ።

እንደ እኔ እንደ እኔ መለኪያው ይኸው ነው፤ ሥራውን የጠየቀው ማን ነው? ባይሠራስ የሚጠየቀው ማን ነው? ኮሌጁ የጠየቀው፣ ቀን የቆረጠለት፣ ሲቀር ደብዳቤ የሚያጽፍ ሥራ ደመወዝ ይገባዋል፤ በዘጠኙ ወር ውስጥ ይሁን በሦስቱ ለውጥ የለውም። ስሙ ይጻፍ፤ ሰዓቱ ይገመት፤ ዋጋው አስቀድሞ ይነገር። ገንዘብ ከሌለ በመንፈቁ የማስተማሪያ ሰዓት ይቀነስለት፤ ያም ካልተቻለ ሥራው እስከ ነሐሴ ይቆይ። ከዚህ ወዲያ መምህሩ በገዛ ፈቃዱ የሚጨምረው፣ የተጨነቀ ተማሪ በሐምሌ ሲጽፍለት የሚመልሰው መልስ፣ ለወጣት ባልደረባው የሚያነብለት ረቂቅ፣ እርሱ ስጦታ ነው። ስጦታውን ማንም በሠንጠረዥ አይመዝግበው፤ ማንም ደግሞ አይዘዘው።

«ሁሉንም ከከፈልንበት ፍቅሩ ይጠፋል» ለሚሉት የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ከራሱ የሚሰጠው የራሱ የሆነውን ነው። ሐምሌው የእርሱ መሆኑ ካልታወቀለት ከሐምሌው ላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ሊወሰድበት ብቻ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐምሌውን እንመልስለት። ከዚያ በኋላ ምን ያህሉን ለተማሪዎቹ፣ ምን ያህሉን ለመጻሕፍቱ፣ ምን ያህሉንስ ለእናቱ እንደሚሰጥ እርሱ ይወስናል።